ስለ ዶሺ ወንዝ ዜሮ የቀረበ ምስጋና

ለወረዳችን የውኃና የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህን ብዕር የያዘው እጅ የቴዲ ነው፤ መናኸሪያው በር ላይ ፎቶ ኮፒና ላሚኔት የሚሠራው፣ ቢሮዎም ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ሁሉ የሚልክለት ቴዲ። አፉ ግን የእኔ የይርዳው በላይነህ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቆጥሬያለሁ ብዬም ሰው አታልዬ አላውቅም። ቴዲን፣ የምለውን እንዳለ አስቀምጥ፣ የራስህን ቅባት እንዳትቀባበት ብዬዋለሁ። እሱ ደግሞ "አባባ፣ ለባለሥልጣን ሲጻፍ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል" አለኝ። ልክ ነው፤ ልጠይቅ።

እንደምን ሰነበቱ? ሆድዎ እንዴት ነው? ቆዳዎን አያሳክክዎትም? ልጆችዎ ደህና ናቸው? የሚጠጡት ውኃ ከከተማ በካርቶን ተጭኖ ስለሚመጣልዎ በጤናዎ ብዙም ስጋት የለኝም፤ ለወጉ ያህል ነው የጠየቅሁት። እኛ ከዶሺ ወንዝ በታች ያለን ስድሳ አባወራዎች፣ ጽሕፈት ቤትዎ ቀበሌው ግድግዳ ላይ በለጠፈው ማስታወቂያ መሠረት፣ እጅግ በጣም ደህና ነን። ማስታወቂያውን ለሦስት ሰው በየተራ አስነብቤዋለሁ፤ ምናልባት አንዱ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ። ሦስቱም ያነበቡት አንድ ነው፦ የዶሺ ወንዝ ውኃ በዘመናዊ መሣሪያ ተለክቶ ውጤቱ ዜሮ ስለሆነ ከማንኛውም ብክለት ነጻ ነው፤ ኅብረተሰቡም ያለ ሥጋት እንዲጠቀም እናሳስባለን።

ለዚህ ዜሮ ላመሰግንዎት ነው የመጣሁት። ምስጋናዬ ስለሚበዛ በቁጥር ይሁንልኝ።

አንደኛ፣ አፍንጫዬ ማርጀቱን ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። ከወንዙ በላይ ያለው እሸት ቡና ማጠቢያ ዘንድሮ ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ቀን ውኃው የከረመ ትውከት የሸተተኝ መስሎኝ ነበር። የቀዩ ቡና ልጣጭና ልጋግ በቦይ ወርዶ፣ ወንዙ ጠቁሮ፣ ዳር ዳሩ ላይ እንደ ንፍጥ የሚጎተት ነገር ይዞ፣ አረፋውን እየተፋ ሲያልፍ ያየሁ መስሎኝ ነበር። ጊደሬ አፏን ወደ ውኃው አስጠግታ፣ አሽታ፣ ዞር ብላ ስታየኝም "ወዴት ነው ያመጣኸኝ አንተ ሽማግሌ" ያለችኝ መስሎኝ ነበር። ለካ የእኔም የእሷም አፍንጫ ነው የተበላሸው። እሷ እንኳ ገና የሁለት ዓመት ተኩል ናት፤ አሳዝናኛለች።

ስለዚህ ሽታ ስናገር ግን ከመንገድ ዳር ተነስቼ እንዳይመስልዎ። ሃያ ሰባት ዓመት ቡና ማጠቢያ ላይ ሠርቻለሁ፤ ያውም ገንዳ ላይ። የተፈለፈለ ቡና በገንዳ ውስጥ ሲብላላ፣ ልጋጉ መልቀቁን እጁን ከትቶ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። እስከ ክርኔ አስገብቼ አንድ እፍኝ አሸዋለሁ። ካንሸራተተኝ ገና ነው፤ እንደ አሸዋ ካንኮሻኮሸ "ልቀቁት!" እላለሁ፣ ይለቀቃል። ሰዓት የያዙ ሰዎች እኔን ነበር የሚጠብቁት። በዚያን ጊዜም እጣቢው ይሸታል፤ ግን ጉድጓድ ተቆፍሮለት፣ እዚያ ተጠራቅሞ፣ መሬት ጠጥቶት ነበር የሚያልቀው። ቡና አይታጠብ የሚል ሰው እዚህ አገር የለም፤ ቡና ካልታጠበ ማን ይበላል? ጉድጓዱ ይቆፈር ነው ያልነው።

ሁለተኛ፣ ቦቴውን ስላስቀሩልን አመሰግናለሁ። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ሜሮን የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ መጥታ ወንዙን ለክታ ነበር። የእሷ መለኪያ እንደ ታመመ ሕፃን ጮኸ፤ ቁጥሩም ከሚፈቀደው አራት እጥፍ ነው ተባለ። በዚህ ምክንያት ማጠቢያው ጉድጓድ እንዲቆፍር ደብዳቤ ተጻፈለት፤ እስኪቆፍር ድረስም በሳምንት ሁለት ቀን የውኃ ቦቴ ይመጣልን ጀመር። ጉድጓዱ እስከ ዛሬ አልተቆፈረም፤ ቦቴው ግን ከዜሮዎ ማግስት ቀርቷል። የልጄ ሚስት ጥሩነሽ የምትወልደው በዚህ በሚመጣው ኅዳር ነው። ሆዷን ይዛ፣ ጄሪካን አዝላ፣ ጋራው ጫፍ ላይ ካለችው ምንጭ ለመቅዳት ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ትሄዳለች። ልጄ በሥራ ምክንያት ማጂ ነው፤ የእኔ ጉልበት ደግሞ ጋራውን ከካደ ቆይቷል። ትናንት ዳገቱ ላይ ተቀምጣ አገኟት። "ደክሞኝ ነው እንጂ አላመመኝም" አለች። እኔም ማስታወቂያዎን አስታወስኳትና "ምን አደከመሽ፣ ደጃፍሽ ላይ ዜሮ የሆነ ወንዝ እያለ" አልኳት። አልሳቀችም።

ሦስተኛ፣ ስለዚያ መሣሪያ። ይህን ክፍል ቴዲ በጥንቃቄ ጻፍ ብዬዋለሁ፤ እዚህ ላይ ነው የምሳደበው።

ሜሮን ያመጣችው ነገር ጣት የማታህል ስስ ቁራጭ ናት፤ አንድ ጎኗ ጥቁር ሰማያዊ ቅብ አለው። ልጅቷ ትዕግሥተኛ ናት፤ ወንዙ ዳር አስቀምጣ አስረዳችን። "ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም ብለን ነው ያደግነው፤ ይኸኛው ግን ያስተላልፋል" አለች። ስሙ ፖሊመር ነው አለች፤ ከፈሳሽ ራሷ ነው በላቦራቶሪ ያበሰለችው። የኮመጠጠ ውኃ ሲነካው በውስጡ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ መለኪያውም ከንጹሕ ውኃ ምን ያህል እንደራቀ በቁጥር ይናገራል። ንጹሕ ከሆነ አይንቀሳቀስም፤ ዜሮ። ቀለሙም ይለወጣል፦ ሎሚ ውስጥ ነክራ አረንጓዴ አደረገችው፤ አመድ በተበጠበጠበት ውኃ ነክራ ሰማያዊ አደረገችው። "እንደ ምላስ አስቡት አባባ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እኛ ሰፈር ስሙ ምላስ ሆኖ ቀረ። ስትሄድ መለኪያውንና አራት ምላሶች ለቢሮዎ አስረክባ፣ ዘንድሮ ራሳችሁ ለኩ ብላ ሄደች።

ለካችሁ። ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን ባለሙያዎ መጣ። ምላሷን ከደረት ኪሱ አወጣት፤ እንደ አዲስ መታወቂያ ታብረቀርቃለች። መጀመሪያ የቀበሌው ቧንቧ ውኃ ውስጥ ነከራት፤ ዜሮ። ቀጥሎ ወንዙ ውስጥ፤ ዜሮ። ሦስተኛ፣ "እንግዲህ ከምንጩ እንየው" ብሎ ወጥቶ፣ ማጠቢያው እጣቢውን የሚለቅበት ቦይ ውስጥ፣ ያ ዝቃጩ እየተንፈቀፈቀ ነከራት፤ እሱም ዜሮ። ባለሙያዎ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ነበር ዜሮን የጻፈው። በዓይኔ ነው ያየሁት።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። እኔ ተነስቼ ሎሚ ይምጣና ትነከርበት አልኩ፤ "የመንግሥት ንብረት ነው፣ በሎሚ አይቀለድበትም" አሉኝ። እርስዎም ለልጅቷ ደውለው ስልኩን ለሕዝብ በድምፅ ማጉያ ከፈቱልን። እኔ ደሜ ፈልቶ ስለነበር ስልኩ ላይ ጮኼ፣ "አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ውሸታም ናት፤ የሕፃን መጫወቻሽን መጥተሽ ሰብስቢ!" አልኳት። አዳራሹ ሳቀ። እርስዎም ሳቁ። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀችው፦ "አባባ፣ አሁን ቀለሟ ምንድን ነው?" ማንም ሳይመልስላት ስልኩን ዘጉት። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሦስተኛው ምስጋናዬ፣ ይህን የማይረባ፣ የማይቀምስ፣ ከኮተት ሱቅ የተገዛ የመሰለ ፕላስቲክ መሣሪያ ብለው አምነው፣

እዚህ ላይ ቴዲ መጻፉን አቆመ።

ብዕሩን አስቀመጠ፤ ፊቱ ወረቀት መሰለ። ምን ሆንክ ስለው "አባባ፣ ይህን አትበል፤ ልጅቷ ምንም አላጠፋችም" አለኝ። ከዚያም ክቡር ሆይ፣ እኔ ሽማግሌው በዕድሜዬ ያልሰማሁትን ነገረኝ። በመስከረም መጨረሻ የቢሮዎ ንብረት ክፍል ሠራተኛ አራቱን ምላሶች ይዞ እዚህ ሱቅ መጥቷል። በእያንዳንዷ ጀርባ በማርከር የንብረት ቁጥር ጽፎባታል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እና "ውኃ እንዳይነካቸው ላሚኔት አድርግልን" ብሏል።

ቴዲ፣ ይህን ሁለት ጊዜ ጻፈው። ውኃ እንዳይነካቸው። ውኃ እንዳይነካቸው።

ቴዲም የታዘዘውን አደረገ። የመንጃ ፈቃድ ያመጣ ሰው፣ የልደት ካርድ ያመጣ ሰው፣ የመሬት ደብተር ያመጣ ሰው የሚያዘውን ነው ያዘዙት፤ አገሩ ሁሉ ውድ ነገሩን በፕላስቲክ ያሽጋል። ውኃ እንድትቀምስ የተሠራችን ምላስ ግን ኤሌክትሪክ በማያስተላልፈው ፕላስቲክ ጠቅልሎ፣ ዳር ዳሯን በማሽን ተኩሶ፣ ትንፋሽ እንኳ እንዳይገባት አድርጎ ወንዝ ውስጥ የሚነክር ጽሕፈት ቤት ያለን እኛ ብቻ እንሆናለን ብዬ እሰጋለሁ። እንዲህ የታሸገች ምላስ ኮምጣጤ ውስጥም ዜሮ ትላለች፤ የመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥም ዜሮ ትላለች። ንብረት መጠበቅ ካልቀረ፣ ባለሙያዎንም በዚያው ላሚኔት ቢያስደርጉት አይረጥብም ነበር።

አትሳቁብኝ እንጂ፣ እኔም ይህን ጥፋት አንድ ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። አንድ ዓመት ከላይ የመጣ ተቆጣጣሪ ለእጄ አዝኖ እስከ ክርን የሚደርስ የላስቲክ ጓንት ሰጠኝ። አማረብኝ፤ ሠራተኛው ሁሉ "ዶክተር" ብሎ ጠራኝ። በጓንቱ አንድ እፍኝ አሸሁ፤ የሚንሸራተተው ልጋጉ ይሁን ላስቲኩ አላወቅሁም፤ "ገና ነው" እያልኩ አንድ ሙሉ ገንዳ ቡና አኮመጠጥኩ። ጓንቱን አውልቄ እዚያው ቦይ ውስጥ ጣልኩት፤ ጥፋቱም የእኔ ነው ብዬ በሰው ፊት ተናገርኩ። ጓንቱን ለቢሮ ግድግዳ ማስታወቂያ አላደረግሁትም። ታዲያ ያ ሁሉ አልፎብኝ፣ ምላሷ ስታብረቀርቅ በዓይኔ እያየሁ አለማስተዋሌ ያንገበግበኛል።

ይህ ደብዳቤ እዚህ ላይ ለሦስት ሰዓት ያህል ተቋርጧል። ምክንያቱን በአራተኛ ደረጃ አቀርባለሁ።

አራተኛ፣ ንብረት ክፍልዎ ቆጥሮ የማያስረክብ፣ ቆጥሮም የማይረከብ በመሆኑ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው እውነተኛ ምስጋና ነው። መጋዘንዎን ከፍተው ቢያዩ አንድ አለ፣ ሁለት አለ፣ አራት አለ፤ ሦስት የለም። ቁጥር ሦስትን የቴዲ ማሽን አኝኳት ነበር። ፕላስቲኩ ሳይጣበቅባት ተጨማድዳ ስትወጣ ፈራና የመሳቢያው ወለል ላይ ደበቃት፤ የጠየቀውም ሰው የለም። ዛሬ አወጣት። ከቅቡ ግማሹ ተልጧል፤ ግማሹ ግን አለ፤ እርቃኑን። መለኪያው እናንተ ዘንድ ተቆልፎበት ነው፤ ቀለም ለማየት ግን ዓይን ይበቃል።

ከጎን ካለችው ሻይ ቤት ከመክሊት ሎሚ ለመንን፤ ነከርናት፣ አረንጓዴ ሆነች። አመድ በጠበጥን፤ ነከርናት፣ ሰማያዊ ሆነች። መክሊት ሻይዋን ትታ መጥታ "ነፍስ አላት እንዴ!" ብላ ጮኸች። ቴዲ ሱቁን ዘጋ፤ እኔን ሞተሩ ላይ አፈናጥጦ፣ በዚህ ዕድሜዬ ወገቡን እንደ ሙሽራ አስይዞኝ፣ ወደ ሰፈር ወረድን። መጀመሪያ ጥሩነሽ ከጋራው ካመጣችው ጄሪካን ላይ ቀድተን ነከርናት፤ ሰማያዊ እንደሆነች ቀረች። ቀጥለን ዶሺ ወረድን። ያንን የሚጎተት ነገር በእንጨት ገለጥ አድርጌ እኔው በእጄ ነከርኳት። ሳልቆጥር፣ አፌን ሳልዘጋ፣ አረንጓዴ ሆነች። እንደ ሎሚው አረንጓዴ። ወንዛችን ሎሚ ሆኗል ክቡር ሆይ፤ እርስዎ ዜሮ ይበሉት።

አምስተኛው ቁጥር ለእርስዎ አይደለም፤ ለሜሮን ነው፤ ሰው ሁሉ ይስማው ብዬ እዚህ አስገብቼዋለሁ። ልጄ፣ ይቅርታ መጠየቅ ልምዴ አይደለም፤ የጠየቅሁትም በጣት የሚቆጠር ነው። በሕዝብ ፊት ነው ያዋረድኩሽ፤ ስለዚህ በሕዝብ ፊት ነው የምመልሰው። ምላስሽ እውነተኛ ናት። ውሸታሙ የእኔ ዓይን ነው፣ ከዚያ ቀጥሎም የሳቀው ሁሉ። አንቺ ከሩቅ ሆነሽ የጠየቅሽውን ጥያቄ እኛ አጠገቧ ቆመን አልጠየቅነውም። መልሱ ይኸው፦ አረንጓዴ ናት።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ምስጋናዬን ከጨረስኩ ልመናዬ አጭር ነው። ማስታወቂያውን ይንቀሉ። በምትኩ እውነቱን ጽፈው ይለጥፉ፤ ምላሷን አሽገን ነበር ብለው፣ በዚያው ማኅተም። ልጅቷን ይጥሩልንና ባልታሸገ ምላስ፣ እኛ ባለንበት፣ ማጠቢያው እየሠራ ይለካ። ቦቴው ደግሞ ይህ ሁሉ እስኪሆን አይጠብቅ፤ ነገ ይምጣ። የጥሩነሽ ሆድ ለስብሰባና ለቃለ ጉባኤ ቀጠሮ አይሰጥም። ዳገቱ ላይ ብትወድቅ፣ ወይም ተስፋ ቆርጣ ለሕፃኑ ከዶሺ ብትቀዳለት፣ ያን ጊዜ ደብዳቤ አላስጽፍም፤ ሕፃኑን ታቅፌ ቢሮዎ በር ላይ ነው የምቀመጠው። መቀመጥ አልደክምም።

ጽሕፈት ቤትዎ ንብረቱን ለመጠበቅ ያሳየውን ትጋት፣ ከውኃ የመጠበቁንም ጥበብ እያደነቅሁ፣ ያ ትጋት ሲተርፍ ለሰውም እንዲዳረስ እየተመኘሁ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ደህና ሆድና የሚያሸት አፍንጫ እለምናለሁ።

አክባሪዎ፣ ከዶሺ በታች ነዋሪው፣ የቀድሞው የገንዳ ሰው ይርዳው በላይነህ። ፊርማ ስለሌለኝ አውራ ጣቴን በቴዲ የማኅተም ቀለም ነክሬ አሳርፌያለሁ፤ ጣቴም ጓንት አላደረገም።

ግልባጭ፦ ለቀበሌው ግድግዳ፣ ከማስታወቂያዎ ጎን፤ ለመናኸሪያው በር፤ ለመክሊት ሻይ ቤት።

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በፕላስቲክ ጠርሙስ የዶሺን ውኃ ልኬልዎታለሁ። ቁጥር ሦስት ምላስ ግን እኔው ዘንድ ትቆያለች፤ እናንተ ዘንድ ብርድ አይነካትም፣ ውኃም አይነካትም። ጠርሙሱን ሲቀበሉ ክዳኑን መክፈት እንዳይረሱ። ክዳኑ ካልተከፈተ ምንም አይሸትም፤ ዜሮ ነው።

ቴዲ ደግሞ አሁን፣ የእኔን ስም አውጣልኝ፣ ቢሮው ዋና ደንበኛዬ ነው እያለ ይለምነኛል። ከዚያ ራሱ "ይቅር፣ ይኑር" አለ። በል እንግዲህ ቴዲ፣ ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ፤ ስምህ ያለበት ቦታ ስትደርስ ድምፅህን እንዳትቀንስ።